ቀድሞ የመለሰ

የኅዳር ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ መሐል ሜዳ ውርጭ ወርዷል፤
የጓሳ ነፋስ በመስታወቱ ስባሪ ገብቶ ካርቶኑን ያርገበግባል።
አርባ ኮምፒውተር፣ አርባ ባዶ ሆድ፣ ተሰልፎ ያየኛል፤
ሰኞ ፈተና አለ፤ ፈታኙ ከደብረ ብርሃን ይመጣል።

ፍላሽ የለኝም፤ የነበረችኝን አንዷን ቫይረስ በላት፤
የቀረኝ ዘዴ አንድ ነው፣ በሽቦ ማስነሣት፣
ከሰርቨሩ ሆድ ያቺን ትንሿን ዊንዶውስ በገመድ ስቦ ማምጣት።
ጌጥ የላት፣ ድምፅ የላት፣ የጀርባ ሥዕል የላት፤
እንደ አናጢ ናት፣ ቤቱን ሠርታ
ለባለቤቱ አስረክባ የምትወጣ ማታ።

አንደኛውን ለኮስኩት። ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ፊደል።
“ቤቴ የት ነው? የሚያውቀኝ አለ ወይ?”
ነጥቦች ተሰለፉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ቆሙ እንደ አህያ ገደል አፋፍ ላይ።
አድራሻ አገኘ። ደስ አለኝ። ፋይሉን ጠየቀ፤
ጠበቀ።
ጠበቀ።
“ጊዜው አልፏል” ብሎ ደረቀ።

ኬብሉን ነቀልኩ፣ እፍ አልኩበት፣ መልሼ ሰካሁ፤
ፋየርዎሉን አጠፋሁ፣ አገልግሎቱን ዘግቼ ከፈትኩ፤
ማስነሻ ፋይሉ የድሮ ነው ብዬ ለአዲሶቹ በሚሆን ለወጥኩ፤
ሴኪዩር ቡቱን ፈታሁ፤
ለአሥራ ሰባተኛው ማሽን ስለት ተሳልኩ።
ከዚያ አንዱ ተነሣ! ምንም ሳልነካው፣ በራሱ፤
ዘጠነኛው ነው። ጎረቤቶቹ ግን እንደተኙ ናቸው፣ ሳይቀሰቀሱ።
አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የሚከዳ፣
ጨርሶ ከሞተ ይልቅ እሱ ነው ሰው የሚጎዳ።

ጋሽ ማንያዘዋል ዘበኛው በርኖሱን ተከናንቦ ገባ።
“ምን ይላል?” አለኝ።
“አድራሻ ተሰጠኝ ይላል፤ ግን መንገድ ጠፋበት።”
“ማነው የሰጠው?”
ዝም አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ እኔ ያልጠየቅሁት።
“ሰው እኮ ቤት ሲጠፋው” አለ፣ በትሩን ግድግዳ አስደግፎ፣
“ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል፤
የሚያውቀውማ ገና ሲያስብ፣ እሱ ይሄዳል አልፎ።”

ቁጥሩን አየሁት።
የእኔ ሰርቨር የሚሰጠው በአሥር ነው የሚጀምር፤
ይሄ ግን መቶ ዘጠና ሁለት!
አንድ ግቢ፣ ሁለት ዳኛ፤ አንዱ በግልጽ፣ አንዱ በስውር።

ባትሪ ይዤ ሽቦውን ተከተልኩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣
በኮሪደሩ፣ በመጋዘኑ በር፣ እስከ ሪጅስትራሯ ጓዳ፤
ከእታፈራሁ ጠረጴዛ ሥር፣ ከአሮጌ መዝገብ ጀርባ፣
አንዲት ነጭ ራውተር፣
ዳንቴል ለብሳ፣ ላይዋ የፕላስቲክ አበባ።

ደወልኩላት። በእንቅልፍ ድምፅ “ውይ!” አለች፤ “ከሰኔ ጀምሮ ነው፤
ከላሎ ማማ በእግር የሚመጡት ውጤት የሚያዩበት ካርድ የላቸው፤
በመስኮቱ ሥር ቆመው ይዩ ብዬ ነው የሰካሁላቸው።”

ምን እላለሁ?
ለጠየቀ ሁሉ መመለስ ነው ጥፋቷ።
ማሽኖቼ ሲጮኹ ሰማች፤ ሰርቨሬን ቀደመው ፍጥነቷ፤
አድራሻ ሰጠች፤
የሚነሡበት ግን የለም ከቤቷ።

ነቀልኳት።
አንደኛው ጠየቀ። ሰርቨሩ መለሰ።
ነጥቦቹ ሮጡ፣ መስመሩ ሞላ፣ ከዳር ደረሰ።
ሊነጋጋ ሲል ትንሿ ዊንዶውስ ጥቁር መስኮቷን ከፈተች፤
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች “እዘዘኝ” አለች።
ሦስቱ ተነሥተውም መረቡ አልታይ አላቸው፤
የኔትወርክ ካርዳቸው ድራይቨር ነው የጎደለው፤ ጨምሬ አስነሣኋቸው።
አሥራ ሰባተኛው እስከ ዛሬ አልተነሣም።
ስለቱንም አልጠየቀኝም።

ሰኞ ፈታኙ ሳይደርስ ራውተሯን መለስኩ ወደ ቦታዋ፣
ከላቦራቶሪው መረብ ነጥዬ፣ በራሷ ሽቦ፣
ከነዳንቴሏ፣ ከነአበባዋ።
ከመስኮቱ ውጭ አንዲት ልጅ፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ፣
ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ቆማለች፤
“አድራሻ በመፈለግ ላይ” ይላል።
“ጠብቂ” አልኳት።
ትጠብቃለች።